ቢጫው ጥያቄ

የራሰ ጠመኔ ሽታ አፍንጫዬ ላይ በደረሰ ቁጥር ዛሬም ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። እኛ አገር ሚዛን ደግሞ ዝናቡ መች ያባራል፤ ጠመኔው ሁሌም እንደራሰ ነው።

የአምስተኛ ክፍል የሂሳብ መምህራችን ሰሌዳውን ሦስት ቦታ ይከፍለው ነበር። በቢጫ ወደኋላ ለቀሩት፣ በነጭ ለመሀለኞቹ፣ በቀይ ለእኛ ለፈጣኖቹ ይጽፋል። ቡና ለቀማ እያስቀራቸው ትምህርት የሚያመልጣቸው ብዙ ስለነበሩ፣ ለእያንዳንዱ ካቆመበት ነበር የሚጀምርለት። አንድ ሕግ ነበረው፤ ባለቤቱ ሳይመልሰው የማንም ጥያቄ አይጠፋም።

አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ቢጫ ነበረች። ሰባት ቁጥርን ገልብጣ ነበር የምትጽፈው። "ቀዩ ጋ ስደርስ ታያለሽ!" ትለኛለች። አንድ ቀን ከለቀማ ተመልሳ፣ ጣቶቿ እንደጠቆሩ፣ ሰሌዳው ላይ ወዳለው ቢጫ ጥያቄዋ እያመለከተች፣ "እስቲ ይቺን አሳዪኝ" አለችኝ። እኔ የክፍል አለቃዋ፣ ጉረኛዋ፣ "ራስሽ ድረሺበት" አልኳት። አሁን እኔም አስተማሪ ሆኜ፣ ያቺ ቃል ትዝ ስትለኝ አፍራለሁ።

በዚያው ሳምንት ወባ ያዛት። ቀበርናት።

ጥያቄዋ ሰሌዳው ጥግ ቀረ። ሰሌዳ የማጠፋው እኔ ነበርኩ፤ ዳስተሩ እዚያ ሲደርስ ግን እጄ እምቢ ይለኛል። አንድ ጠዋት ክፍሉን ስከፍት ጥያቄው ተመልሷል። መልሱ ልክ ነው፣ ሰባቷ ግን ተገልብጣለች።

"ቁልፉ ያለው አንቺ ጋ አይደል?" አለኝ መምህሩ።

"እናቴ ትሙት ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም!"

ከዚያ መልሱን በእጁ አጠፋና፣ በቢጫ ትንሽ ከበድ ያለ ጥያቄ ጻፈ። በማግስቱ ያም ተመልሶ ነበር። ልጆቹ ከእኔ ርቀው መቀመጥ ጀመሩ፤ ቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ በቀር ድምፅ የለም። መምህሩ አልተቆጣም። "ደርሳበታለች" አለ ለራሱ፣ ወደ ነጩም አሻገራት።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ለእኔ በቀይ የሰጠኝ ጥያቄ አቃተኝ። ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት በሩን ስከፍት የቡናው ጫካ ጉም እስከ መስኮቱ ደርሷል፤ ከጥያቄዬ ሥር፣ አንድ በአንድ ተሠርቶ፣ መልሱ አለ። አሳይታኛለች። ሰባቷ አሁንም እንደተገለበጠች ነበር።

ፈራሁ፤ ግን አልሸሸሁም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጥቂት ፈቀቅ አልኩላት።

"ነይ፣ ተቀመጪ" አልኳት።