በመዝሙሩ መሐል የቆሙት አማቴ

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ክረምቱ ወጥቶ ጣና ገና ከዳር እስከ ዳር እንደሞላ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁም፤ አንድ የባዕድ መዝሙር አማቴን ሊያሳስርብን ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር ወደቡ ላይ የጀልባ ሞተር እጠግን ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብና መጻፍ የተማርሁት በራሴ ነው። ስለዚህ ልጆቼን በቁጣ አስተማርኋቸው። አልጸጸትም።

ትልቋ ልጄ ይታይሽ ፔዳ በሚባለው ኮሌጅ ለመምህርነት ስትማር፣ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ አንድ መምህር ተማሪዎችን ሰብስቦ የአገሩን ጥንታዊ መዝሙር በኅብረት ያስጠና ጀመር። እሷም ቤት ውስጥ ትለማመድ ነበር። አንዳንድ ቀን ጓደኞቿን ይዛ ትመጣለች። ሴቶቹ አንድ ነገር ሲሉ ወንዶቹ ሌላ ይላሉ፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይነሣል።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ኧረ ይታይሽ፣ ለቅሶ ነው ሠርግ? ለይታችሁ ንገሩንና እንልበስ!» ትላለች። ባሏ ግን ከፋብሪካ ሲመለስ አጥሩን ተደግፎ ይሰማል፤ «አንቺ ዝም በይ፣ ጆሮ የተሰጠው ያዳምጥበት» ይላታል። እኔ ከእትዬ ብርቄ ወገን ነበርሁ። በቤቴ ሁለት ሰው እኩል አያወራም ብዬ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ።

አማቴ መሪጌታ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው፣ ከዘጌ ለሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ ተቀምጠው ነበር። መዝሙሩ በከተማው አዳራሽ የሚቀርብበት ቀን ሲደርስ ይታይሽ፣ «አባባ፣ መጥተው ይስሙኝ» ብላ ለመነቻቸው።

«የኔታ፣ ይቅርብዎ» አልኋቸው። «የካድሬ አዳራሽ ነው።»

«የልጅ ልጄ አፏን ስትከፍት ቤት ተቀምጬ ልቀር? ይልቅ በትሬን አቀብለኝ» አሉ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ካድሬው ከፊት ተቀምጧል። መዝሙሩን የፈቀደው እሱ ነው፤ የወዳጅ አገር ባህል ነው ሲሉት ቃሉ ምን እንደሚል አልጠየቀም። መዝሙሩ ሲጀመር ከኋላዬ አንዱ፣ «ምነው፣ ተጣሉ እንዴ?» ሲል ሰዎች ሳቁ። ሌላው «እስ!» አለው።

ቋንቋው ለማናችንም አልገባንም። መሐሉ ላይ ግን ቤት ሲለማመዱት ያልሰማነው ክፍል መጣ፤ ሁሉም ድምፅ አንድ ላይ ተነሥቶ «ሃሌሉያ» አለ። ይህን ቃል መተርጐም አያስፈልግም።

አማቴ ጫማቸውን አወለቁ። በትራቸውን እንደ መቋሚያ ተደግፈው ቆሙ።

«የኔታ፣ ይቀመጡ» አልሁ በሹክሹክታ።

«ማኅሌት ተቀምጠህ ትሰማለህ?» አሉኝ።

በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር የታሰረ ሰው አውቃለሁ። ነገር ግን ሽማግሌን ብቻቸውን ማቆም ነውር ነው። ተነሥቼ ከጎናቸው ቆምሁ። ቀጥሎ የእትዬ ብርቄ ባል ተነሣ፤ ሚስቱ በኮቱ ጫፍ ጎተተችው፣ እምቢ ሲላት እሷም ተነሣች። እኩሌታው ሰው ቆመ፤ እኩሌታው ወንበሩን ጨብጦ ቀረ። መድረኩ ላይ የይታይሽ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኗ ግን ከእኛ ላይ አልተነቀለም።

መዝሙሩ እንዳለቀ ካድሬው ዞረ። «ማነው ተነሡ ያላችሁ? እዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው?»

አማቴ፣ «ማንም አላለኝ፣ ልጄ። ቃሉ ነው ያስነሣኝ» አሉ።

የውጭው መምህር ከመድረክ ወርዶ፣ ምን እንደተባለ አስተርጓሚውን ጠየቀ። ሲነገረው አማቴን ትኩር ብሎ አያቸው። አስተርጓሚውም፣ «በእኛም አገር እዚህ ቃል ላይ ሲደረስ ሰው ይቆማል፤ ለእኚህ አባት ማን ነገራቸው? ነው የሚለው» አለ።

ካድሬው እንግዳውን አየ፣ እኛን አየ። የወዳጅ አገር ሰው ማስቀየም ለእሱም አይበጀውም። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እንግዲያው ጓዶች፣ ይደገም!» አለና ቀድሞ ተነሣ። በሁለተኛው ተቀምጦ የቀረ ሰው አልነበረም።

በሐይቁ ዳር ወደ ቤት ስንመለስ፣ «የኔታ፣ ወደዱት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይንጫጫል። ለእኔ የያሬድ ዜማ ይበልጥብኛል። የጠሩት ግን ያንኑ አምላክ ነው» አሉ።

ሰፈሩ እስከ ጥምቀት ተከራከረበት፤ እትዬ ብርቄ እንደሆነች «እግሬን እንጂ ልቤን አላስነሣውም» ብላ ጸናች።

እኔን ሌላ ነገር ሲቆረቁረኝ ኖረ። ያ መምህር ዋሽቶ ያዳናቸው ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ልጆቼን ውሸት አያድንም እያልሁ ነው ያሳደግሁ። ከዓመታት በኋላ ይታይሽ ሌላ የውጭ አገር ሰው አግኝታ ጠየቀች። እውነት ነው አላት፤ በውጭ አገር እዚያ ቃል ላይ የመቆም ልማድ አለ። ይህን ስሰማ አማቴ በሕይወት አልነበሩም። ብነግራቸው እንኳ የሚደነቁ አይመስለኝም።

ዛሬ ይታይሽ ያንን መዝሙር በካሴት ስትከፍት ልጆቿ «አያታችን ይወደዋል» ይላሉ። አልወደውም። አሁንም ሁሉም እኩል የሚናገርበት ቤት ይመስለኛል። ቃሉ ላይ ሲደርስ ግን ጫማዬን አውልቄ እነሣለሁ፤ የኔታ ብቻቸውን የቆሙ ይመስለኛልና።