የማክሰኞ ጾም

እትዬ መጡ! ከትናንት ጀምሮ ለማን እንደምነግር ጠፍቶኝ ስዞር ነው የዋልኩት። ለመምህሬ ነገርኩ፤ ለወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ነገርኩ፤ መንገድ ላይ ለማላውቃት ሴት ሳይቀር ነገርኩ። ድርሰቴ በክፍል ፊት ከተነበበ ወዲህ ብዕሬም አላርፍ ብሏልና አሁን ደግሞ ለእናንተ ልንገር። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ሞተዋል ብለን ካለቀስን በኋላ፣ ጎረቤታችን እትዬ ከመካነ ሰላም በእግራቸው ወርደው ግቢያችን ገቡ።

ብብታቸው ሥር የተጠቀለለ አቁማዳ ነበር። ከፍየል ቆዳ የተሰፋ፣ አባዬ አፉን በነጭ ጠፍር የጠገነው፣ የእኛው የእህል መያዣ። ለእማዬ ሰጧትና «ባዶውን መለስኩት» አሉ። እኔ ተቀብዬ አፍንጫዬን ከተትኩበት። ቆዳ ቆዳ አለኝ፤ አቧራ አለኝ፤ ከሁሉም ሥር፣ ምናልባት ለእኔ ብቻ፣ ገብስ ገብስ አለኝ።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩና ዐይናቸውን አጥብበው፣ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ጾም ነው?» አሉኝ።

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን አፌ ተያዘ። ለምን እንደተያዘ እንዲገባችሁ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ታናሽ እህቴ አራት። ዝናቡ ደጋግሞ ከድቶናል። በዚያ ዓመት አንዲት እንቁላል ለአራት ተካፍለን ፈሰክን። እህቴ ድርሻዋን ምላሷ ላይ አስቀምጣ፣ እንዳያልቅባት አፏን ከፍታ ስትቀመጥ ትዝ ይለኛል።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ አባዬ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ሰማዩን አየና «ዛሬ ጾም ነው» አለን። «ስለ ዝናቡ ነው።» እማዬ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ አጎነበሰች። መጀመሪያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ቀጥሎ ጀምበር እስክትጠልቅ ሆነ፤ የምንፈታውም ጨው በሌለው የተቀቀለ ሳማ ነበር። በመጨረሻ የሚፈታበት ሰዓት ራሱ ጠፋ።

እኔ ኮርቼ ነበር። ዝናቡ የሚመጣው በእኛ ቤት ጾም መሰለኝ። አንዳችን ብንፈታው ግን ይቀራል። ስለዚህ እህቴን መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ።

መውጫም አልነበረን። ከተማ እህል ይታደላል ይባላል፤ ለእህል የተሰለፈው ሰው ደግሞ ለሰፈራ እየተባለ በመኪና ይጫናል ይባላል። አባዬ እግሩን ከግቢ አላወጣም። በሩ ቀን ተዘግቶ ይውላል። በግድግዳው ስንጥቅ የምትገባው ብርሃን ከምሰሶው ተነሥታ እስከ መደቡ ስትሄድ እያየሁ ነበር ቀኑ የሚመሽልኝ። ከሩቅ የመኪና ድምፅ ሲሰማ አባዬ እጁን ያነሣል፤ ሁላችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። እህቴ ብቻ ትጠይቃለች።

«ፋሲካ ነገ ነው?»

«አልፏል» ስላት አታምነኝም።

እትዬ አጥራችን ማዶ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ሙስሊም ናቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው። (ይህን ስጽፍ ሳቃቸው በዚያው አጥር በኩል ይሰማኛል።) አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከቤታቸው የገብስ ቂጣ ሽታ መጣ። ወንድማቸው ከአቀስታ ጥቂት ገብስ ልኮላቸው ኖሯል። ሽታው በአጥሩም፣ በግድግዳውም፣ በተዘጋው በርም ገባ። እህቴ ተነሥታ ወጣች፤ ተከተልኳት። እትዬ በአጥሩ ቀዳዳ ቁራሽ አቀበሏት። አፏ ሊደርስ ሲል ነጠቅኳት።

«ጾም ነው!»

እህቴ አላለቀሰችም። ለማልቀስ የሚሆን አቅም አልነበራትም፤ ዝም ብላ ባዶ እጇን አየችው። እስከ ዛሬ የማይለቀኝ ያ ነው።

«የምን ጾም ነው አንቺ?» አሉ እትዬ። «ፋሲካ ካለፈ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብን እንኳ ትበሉ የለ! ወላሂ፣ አሁን ቄሱ ራሳቸው አይጾሙም።»

«ስለ ዝናቡ ነው። አባዬ ነው ያለው።»

ፊታቸው ተለወጠ። ሻሻቸውን አጠበቁና ዞረው ቤታችን ገቡ። አባዬ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጧል። እኔ ቂጣውን እንደያዝኩ ከኋላቸው ቆምኩ።

«ወንድም ዓለም፣ ጾም ነው ወይስ ራብ ነው?»

አባዬ የቀዘቀዘውን አመድ በጣቱ ጫረ።

«ጾም ከሆነ እመለሳለሁ። የእናንተን ጾም አልነካም። ራብ ከሆነ ግን፣ እኔ እያለሁ ምን በር ያዘጋሃል? የእኔን በር ግፉት!»

አባዬ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው። ሲቆይ ጠራኝና ቂጣውን ከእጄ ወስዶ ቆረሰው፤ መጀመሪያ ለእህቴ፣ ቀጥሎ ለእኔ።

«ጾሙን ያወጅኩት እኔ ነኝ» አለ። «እግዚአብሔር የለበትም። ምንም እንደሌለን እንዳታውቁብኝ ብዬ ነው።»

«ዝናቡስ?» አልኩት።

የቀረችውን ቁራሽ ለእማዬ ዘረጋላት። ቂጣው ጣፈጠኝ፤ ተናደድኩም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አቡነ ዘበሰማያት ስጀምር አፌ ውስጥ ይቆምብኝ ነበር። አባዬ በእሱ ስም ከዋሸን፣ የቱን ልመን?

ቀጥሎ በመጣው ማክሰኞ እትዬ ከተማ ሄደው ለእህል ሊሰለፉ የራሳቸውን አቁማዳ ይዘው መጡና የእኛንም ጠየቁ። አባዬ «እኔ እሄዳለሁ» ሲል ሳቁበት። «አንተንማ ከሩቅ አይተው ነው የሚጭኑህ። እኔን አሮጊቷን ወስደው ምን ሊያሳርሱኝ ነው? አብሽር!» ለእማዬ ደግሞ «ገብሱ ጓዳ ነው፤ እስክመለስ ቅመሱ» አሏት።

አልተመለሱም። ወደ አመሻሹ ከከተማ የመጣ ሰው፣ ሰልፉን እንዳለ ጫኑት አለን፤ አሮጊት አልለዩም። አባዬ ሄዶ የእትዬን በር ገፋ። ጎመን እስኪደርስ ያቆየን ያ ገብስ ነው። ዝናቡም መጣ፤ ማንም ሳይጾምለት።

እትዬ በተጫኑ በሳምንቱ እሑድ አባዬ እየጎተተ ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝ። ቄሱ በጸሎት እትዬን እንዲያስቡለት ለመናቸው።

«የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

«የላትም፣ አባ። የእኔ ጎረቤት ብለው ይጥሩልኝ፤ እሱ ያውቃታል።»

ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሙትና «እሺ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ አባዬ ማክሰኞ ማክሰኞ እህል አይቀምስም ነበር። መንደርተኛው «ማክሰኞ የሚባል ጾም ከየት አመጣህ?» እያለ ይቀልድበት ነበር። አንድ ቀን እኔም በክፋት፣ «ይኼንንስ ማን አወጀው?» አልኩት።

«አሁንም እኔ» አለ። «ያኔ የጾምኩት የሌለኝን ነበር። አሁን ያለኝን ነው።» መሶቡ አጠገቡ ነበር፤ ሙሉ ነበር። አፌ ውስጥ የቆመው ጸሎት በዚያ ቀን ተንቀሳቀሰ።

አባዬ የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ላይ ሞተ፣ እትዬን ሳያይ። አምስት ዓመት ጾሞ! እግዚአብሔርን አኮረፍኩት። ማክሰኞ ሲመጣ ግን ምሳዬን ማንሣት አቃተኝ። እህቴ ሆን ብላ አፏን ሞልታ እየበላች «ጾመኛዋ!» ትለኛለች። አፏን ሞልታ ሳያት ደስ እንደሚለኝ አታውቅም።

ትናንት ማክሰኞ ነበር።

ስለዚህ እትዬን «አዎ፣ ጾም ነው» አልኳቸው። «ስለ አንቱ ነው። አባዬ ነው ያወጀው።»

ሳቁ ቆመ። እትዬ እማዬን አዩ፤ እማዬ በአገጯ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች አመለከተች። እትዬ ወደ ዛፎቹ ዞሩ።

«ያ ሰውዬ» አሉ፣ «ዛሬም ፊቱን ሸፈነብኝ።»

ከዚያ ከሰፈራው ሲመለሱ ለመንገድ የቋጠሩትን ዳቦ ፈትተው ቆረሱልኝ። «በይ፣ መጥቻለሁ። ፍቺው።» ፍርፋሪ ሳላስቀር በላሁ።

ዛሬ የመንደሩ ሰው የእትዬን ቤት ሣር እየከደነ ነው። በሩ ሲገጠም እትዬ «መቀርቀሪያ አታድርጉበት!» ብለው ተቆጡ። ይህን ለሚያነብ ሁሉ እንድነግር ልከውኛል። ከመካነ ሰላም ቁልቁል ስትወርዱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ አዲስ ሣር የለበሰ ቤት ታያላችሁ። ጾም ከሆናችሁ ንገሯቸው፣ አያስገድዷችሁም። ካልሆናችሁ ግን አታንኳኩ። ግፉት።