በግራ የሚነሳው አምፕሊፋየር

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ናሆም ለቤታችን ስፒከር ሊገዛ እዚሁ ሐረር፣ ሸዋ በር ካለ አንድ ሱቅ ይዞኝ ሄደ። እኔ እንኳ የወጣሁት ዘይቱን የሚባለውን ፍሬ ልገዛ ነበር። ወቅቱ ነው፤ ከሶፊ ገጠር የመጡ ሴቶች በየጥጉ ዘርግተውታል፣ ሽታው ገና ከሚኒባሱ ሳይወርዱ ነው የሚቀበለው። ባለሱቁ አንድ አምፕሊፋየር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ሁለት ስፒከሮች አስጠግቶለት፣ «እነዚህ ይስማማሉ» አለ።

ልጄ ሳቀ። ወደ እኔ እያመለከተ፣ «አቦ፣ መስማማቱንስ ይስማሙ፤ ብቻ እማዬ እንዳትነካው። የአያቴን አምፕሊፋየር ያቃጠለች እሷ ናት» አለው። ባለሱቁም ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ።

ወይ ጉድ! ይህቺን ወሬ ስንቴ ሰምቻታለሁ። በሠርግ ተወርታለች፣ በልጅ ክርስትና ተወርታለች፣ እናቴ በሕይወት ሳለች እንግዳ በመጣ ቁጥር ታነሳት ነበር። ሁሉም ይስቃል። የእኔን አንጀት ግን ዛሬም ድረስ ቅጥል ታደርገዋለች። እስቲ እንደሆነው ልናገረው።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ ሐረር የመጣ ወታደር ነበር። ከደመወዙም ከእንቅልፉም ቆርጦ የሚሰጠው ለሙዚቃ ነው። አምፕሊፋየሩ ጎንና ጎኑ እንጨት የሆነ፣ እኔ በሁለት እጄ የማላነሳው ከባድ ዕቃ ነበር። አንድ ጠባይ ነበረው። ሲከፈት መጀመሪያ «ጧ» ይላል፤ ከዚያ የግራው ስፒከር ብቻ መዝፈን ይጀምራል፤ ትንሽ ቆይቶ ቀኙ ይከተለዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ያሠራው ነበር። አባቴ ግን ደስ ይለዋል። «ወታደር ነዋ! በግራ ነው የሚነሳው» ይለኝና እዚያው ሳሎን ውስጥ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያለ ይዞኝ ይዞራል።

አባቴ የሞተው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። በዚያው ክረምት ጣሪያችን አፈሰሰና የስፒከሮቹ ወረቀት በስብሶ ተቀደደ። አምፕሊፋየሩ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ዝም አለ። እናቴ በየጠዋቱ አቧራውን ስትጠርግለት፣ ልክ ሰው እንደምታለብስ ነበር ጨርቁን የምትመልሰው።

በኋላ የጅቡቲ መስመር ሾፌር የነበረው አጎቴ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች አመጣልን። እኔ በደስታ ልፈነዳ! እናቴ ግን፣ «ጋሼ ተፈራ ሳያዩት ማንም እንዳይነካው» አለች።

ጋሼ ተፈራ የአባቴ የጦር ጓደኛ ነበሩ። የአባቴን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ጋ ሳይገቡ አያልፉም። ስለ ድምፅ የሚያውቁትን ሁሉ ያስተምሩኝ ነበር። እሳቸው ቤት በጣም ጥሩ ስፒከሮች ነበሩ፤ አምፕሊፋየራቸው ግን ድሮ ሞቷል። «ስፒከር አለኝ፣ የሚነዳልኝ የለኝም» እያሉ ሲተክዙ አሳዝነውኝ ያውቃሉ። እኔም አንቱ እላቸው ነበር። እርግጥ ሐረር ውስጥ አንተ መባባል ነውር የለውም፤ የሰፈሬ ልጆች የጓደኛቸውን አባት አንተ ብለው ነው የሚጠሩት። የእኛ ቤት ግን አባቴ ከአገሩ ይዞት የመጣውን አንቱታ አጥብቆ የያዘ ቤት ነበር።

ጋሼ መጡና አምፕሊፋየሩን አዙረው ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አሳዩኝ። «ይሄ ስምንት ኦም ነው የሚፈልገው። አዲሶቹ ስፒከሮች አራት ናቸው። ቁጥሩ ሲያንስ ስፒከሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ አምፕሊፋየሩን ያግለዋል።»

«ታዲያ አይስማሙም ማለት ነው?» አልኩ፤ እንባዬ ሊመጣ።

«ዝቅ አድርገሽ ከሰማሽ ምንም አይል። እጅሽን ላዩ ላይ እያደረግሽ ሙቀቱን እይ።»

ቀዩን ሽቦ ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አስረው ከፈቱት። ጧ። ግራው ተነሳ፤ ቀኙ ተከተለ። እናቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔማ እጄን ከላዩ አላነሳሁም፤ ትኩሳት ያለበት ልጅ ይመስል ስዳብሰው ነበር የምውለው።

በፋሲካ ቀን ቤታችን በእንግዳ ሞላ። ዶሮው ተበላ፣ ጠላው ዞረ፣ «ከፍ አድርጊው እንጂ!» የሚለው በዛ። ጋሼም ራሳቸው እያጨበጨቡ ነበር። ትንሽ ከፍ አደረግሁት። እጄን አሳረፍኩበት፤ ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። በዘፈኑ መሐል ጸጥ አለ። መብራቱም ጠፋ። ጭስ የለ፣ የቃጠሎ ሽታ የለ፤ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ።

ጋሼ ተፈራ ክዳኑን ፈተው ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ዘጉት። «አለቀለት፤ ውስጡ ተቃጥሏል» አሉ። ወደ እኔም ዞረው፣ «ከፍ አደረግሽው፣ ልጄ። ነግሬሽ ነበር» አሉኝ።

እናቴ ጭኗን መታች። «የአባትሽን ድምፅ ገደልሽው!» አለችኝ፣ ያ ሁሉ እንግዳ እየሰማ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሼ ግን አቀፉኝ። እንባቸው ፀጉሬ ላይ ሲወርድ ተሰማኝ። እኔው፣ እኔ ራሴ፣ «አይዞዎት ጋሼ፣ አያልቅሱ» እያልኩ አጽናናኋቸው! ሲሄዱ፣ «እያያችሁት ከምትሳቀቁ እኔ ጋ ይቀመጥ» ብለው ይዘውት ወጡ። እናቴ ከድፎ ዳቦው ግማሹን ጠቅልላ አሸከመቻቸው።

ያን ሰሞን ዘፈን የሚባል ነገር አስጠላኝ። ጎረቤት ሬዲዮ ሲከፍት ከቤት እወጣ ነበር። እናቴ ልብ ብላ አታናግረኝም፤ ያ ጥልፍ ጨርቅ ደግሞ ባዶው ጠረጴዛ ላይ እንደተነጠፈ ቀረ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቴ የአባቴን ተዝካር ቀን ለጋሼ እንድነግር ላከችኝ። ጀጎል ውስጥ ነበር ተከራይተው የሚኖሩት። ዝናብ አባርቶ በጠባቡ መንገድ መሐል ውሃ ይወርዳል፤ በነጭ የተቀባውን ግንብ በእጄ እየተደገፍኩ ደረስኩ። ጋሼ አልነበሩም። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ፣ ሐረር ተወልዳ ያደገች ደግ ሴት፣ ትኩስ ሳምቡሳና ሻይ አቀረበችልኝ።

«አንቺ ዘፈን ትወጂ የለ? ቆይ፣ ላሰማሽ» አለችና ጥግ ላይ የነበረ ጨርቅ ገለጥ አድርጋ ቁልፍ ተጫነች።

ጧ።

ግራው ተነሳ። ቀኙ ዝም። ከዚያ ተከተለ።

ሳምቡሳውን ሳህኑ ላይ መለስኩት። ጎኖቹን ጥቁር ቀብቶታል፤ ግን እኔ መቼ በዓይኔ አየሁት? አባቴ ነው ሳሎኑ ውስጥ ግራ ቀኝ እያለ የዞረው። «ከየት መጣ?» አልኳት።

«ጋሼሽ ነዋ! ሰው ተበላሸ ብሎ ሰጠኝ አለ። ፊውዝ ብቻ ነው የቀየረለት፣ አቦ! ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ ይጥላል?»

ያን ጊዜ ተፈራ ጫቱን በብብቱ ይዞ ገባ። አዎ፣ ከእንግዲህ እሱ ነው የምለው። እኔን አየ፣ ጥጉን አየ፣ በሩ ላይ ቀረ።

«አንተ፣ ፊውዝ ነበር?» አልኩት።

እትዬ ዘውዴ ምንም አልመሰላትም፤ ለሐረር ሰው አንተ ምኑ ይገርማል? ሻይ መቅዳቷን ቀጠለች። እሱ ግን በጥፊ የተመታ ያህል ፊቱ ተለወጠ። ያቺ ቃል ምን እንደሆነች ከሁለታችን በቀር በዚያ ቤት የሚያውቅ አልነበረም።

ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አልካደም፤ ይህም እስከዛሬ ይገርመኛል። «ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም» አለኝ። «የእናንተ ስፒከር አራት፣ የእኔ ስምንት። የሚስማሙት እነዚህ ናቸው። እናንተ ጋ ቢቆይ አንድ ቀን መቃጠሉ አይቀርም ነበር።»

«እሺ፣ እሱ እንዳይቃጠል። እኔን ለምን አቃጠልከኝ?»

መልሱን ሳልጠብቅ ተነስቼ ወጣሁ። በዚያ ጭቃ እየሮጥኩ ቤት ደረስኩና ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጧውን፣ ግራውን፣ ፊውዙን። ትንፋሼ እስኪቆራረጥ ነገርኳት። ታቅፈኛለች ብዬ ነበር።

«አፍሽን ሰብስቢ!» አለችኝ። «የአባትሽን አስከሬን የተሸከመ ሰው ነው። ያጠፋሽው ሳያንስ ደግሞ ሰው ታሚያለሽ?»

እሑድ እንደ ልማዱ መጣ። እናቴ ተነስታ ወንበር ለቀቀችለት። እሱም ተቀመጠ። ዓይኑን ወደ እኔ አላነሳም፤ እኔም እግዜር ይይልኝ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፣ አምፕሊፋየሩም አብሮት ሄደ። አሁን እሱም እናቴም በሕይወት የሉም። እሱን ባሰብኩት ቁጥር እበሽቃለሁ፤ ሌባ ነው፣ በቃ። የእናቴ ግን ሌላ ነው። እሷ ላይ መበሸቅም አልሆነልኝ፣ መተውም አልሆነልኝ።

ቅዳሜ ማታ ናሆም አዲሱን ዕቃ ገጣጥሞ ከፈተው። ሁለቱም እኩል ተነሱ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ቃሉ ራሱ ይገርማል፤ ተስማሙ ማለት እርስ በርስ ተሰማሙ ማለት አይደል? እኔ ግን ሳላውቀው ግራውን ስጠብቅ ነበር።

«ናሆም» አልኩት፣ «የአያትህን አምፕሊፋየር እኔ አላቃጠልኩትም።»

እየሳቀ ዞሮ አየኝ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ሳትናገሪ ቆየሽ?»

«ተናግሬ ነበር።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ዘፈኑን ዘጋና ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እኔም ስለ ግራው ስፒከር ጀመርኩለት።