የዲላ ገበያ ድምፅ ማጉያ

ዛሬ ዲላ ላይ ለአዲሱ የሬዲዮ ጣቢያ ዕቃ የሚያቀርበውን ድርጅት ለመምረጥ ተሰብስበን፣ እጄን ላወጣ ስል ላብ አጠመቀኝ።

በጃንሆይ ዘመንም እንዲሁ ሆኜ ነበር። የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ ለገበያው የድምፅ ማጉያ አቅራቢ ምረጥ ተባልኩ። (ስለ ማጉያ የማውቀው ጮክ እንደሚል ብቻ ነው።)

የአዲስ አበባው ነጋዴ ዕቃው አዲስ ነው፤ ቢበላሽስ ስለው ግን "ሰው እንልካለን" አለኝ። የዲላው ጋሽ ደምሴ ዕቃቸው ያገለገለ ነው፤ ግን ራሳቸው ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው። እሳቸውን መረጥኩ።

"ብታዋርደኝ ወዮልህ!" አሉኝ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም።

አንድ የገበያ ቀን፣ የመንገዱን ድልድይ ጎርፍ ወሰደው ተብሎ ከገደብ ከተማ ተደወለ። ወደዚያ የሚሄዱት መኪኖች ሰው ጭነው ሞተር አስነስተዋል። ሹሙ ማይክሮፎኑን ቢይዙ ማጉያው ጭጭ! ወደ ጋሽ ደምሴ ሱቅ ተጣራሁ።

ጋሽ ደምሴ ከሱቃቸው ሮጠው መጡና ሣጥኑን ፈቱት። ጥቂት ነካክተው "አሁን ይናገሩ፣ ጌታዬ!" አሉ።

"ወደ ገደብ የምትሄዱ፣ ቁሙ!"

መኪኖቹ አንድ በአንድ ሞተር ሲያጠፉ ሰማሁ። ያኔ ነው የተነፈስኩት።

እናንተስ፣ ለሕዝብ የሚሆን ነገር ምረጡ ተብላችሁ እንቅልፍ ያጣችሁበት ጊዜ የለም? እስቲ አጫውቱኝ።