የእንሰት መፋቂያው ሙከራ

በሙያ ማሰልጠኛው ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ከብረታ ብረት ክፍል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። በዚያ ዓመት የወጣቶች የቴክኖሎጂ ፈጠራ ፕሮጀክት የሚባል ነገር መጣና እያንዳንዳችን አንድ ችግር መርጠን፣ ችግሩን የሚያቃልል ማሽን ሠርተን፣ ቦንጋ በሚዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ እንድናቀርብ ታዘዝን። እኔ እንሰት መፋቂያ መረጥኩ። ቢታ ገነት አጠገብ ባለው ቤታችን እናቴ እንሰት ከፋቀች በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብላ ነበር የምትሄደው።

የተሰጠን ፎርም ሜንተር ለሚባሉት አማካሪዎች ሁለት መስመር ነበረው። በመጀመሪያው ላይ የክፍላችን መምህር ተጻፈ፤ ከሌላ ክልል የመጣ፣ ከእኛ ብዙም የማይበልጥ፣ ገና በኮንትራት የሚሠራ ወጣት ነው። በሁለተኛው ላይ መናኸሪያው አጠገብ ብየዳ ቤት ያላቸው ሽማግሌ ተጻፉ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ትምህርታቸው አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ቢሆንም ብረት እንዴት እንደሚታዘዝ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። ሦስተኛ መስመር ቢኖር ኖሮ አንዲት ገበሬ እጽፍ ነበር። ቦንጋ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ታላቅ እህት ናቸው፤ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ መንደር ይኖራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እንሰቱ በቀርከሃ ሲፋቅ የት ላይ ጫን፣ የት ላይ ለቀቅ እንደሚደረግ በእጃቸው እጄን ይዘው አሳዩኝ። እትዬ ነበር የምላቸው፤ ዲዛይኔን ሦስት ጊዜ ያስቀየሩኝ እሳቸው ናቸው።

ማሽኑ ጥርስ ያለው የብረት ከበሮ ነው። ከአሮጌ የውሃ መሳቢያ ሞተር ጋር ቺንጋ በሚባለው የጎማ ቀበቶ ተያይዞ ይሽከረከራል። ጋሼ ጥርሶቹን በይደው ሲጨርሱ ከራሳቸው ላሜራ ቆርጠው ሽፋን ሠሩለት።

«ይሄን እንዳትተዪው» አሉኝ። «እዚህ ጋ የሰው እጅ መድረስ የለበትም።»

ማሰልጠኛው ግቢ ውስጥ ስንሞክረው ግን ቃጫው እየተጠመጠመ በሽፋኑና በከበሮው መሃል ይወተፍ ጀመር። በየአምስት ደቂቃው ሞተር ማጥፋት፣ አራት ቡሎን መፍታት፣ ጠርጎ መልሶ መግጠም ሆነ። እትዬ መንደር ሄደን በእንግዶች ፊት የምንሞክርበት ቀን ሳምንት ቀርቶታል። መምህሩ ሰዓቱን እያየ ቆየና፣

«ለሙከራው ብቻ ሽፋኑን እናንሳው። ከኤግዚቢሽኑ በፊት አሻሽለን እንገጥመዋለን» አለ።

«ጋሼስ?»

«እሳቸውን ለዚህ ለምን እናስቸግራቸዋለን?»

ቡሎኖቹን የፈታሁት እኔ ነኝ። ለጋሼም አልነገርኳቸውም።

የሙከራው ቀን ማሽኑን አይሱዙ ላይ ጭነን ወጣን። መንገዱ ካበቃበት አራት ሰዎች ተሸክመው በእግር መንገዱ አወረዱት። ከዞን የመጡ ሁለት ኃላፊዎች፣ የቀበሌው ሊቀመንበርና ካሜራ የያዘ ሰው ነበሩ። የመንደሩ ሴቶች በእንሰቱ መሃል ተሰብስበዋል። እትዬም፣ አዲስ ሻሽ አስረው፣ ከፊት ቆመዋል።

መምህሩ በአማርኛ አስረዳ፤ እኔ ወደ እኛ ቋንቋ፣ ወደ ካፊኖኖ፣ መተርጎም ነበረብኝ። ሞተሩ ተነስቷል፤ ለመሰማት መጮህ ያስፈልጋል። እሱ ረጅም ነገር ተናገረ። ከበሮው ሲዞር ማንም እጁን እንዳያስጠጋ፣ ቃጫ ቢጠመጠም መጀመሪያ ሞተሩ እንዲጠፋ፣ ከጠፋም በኋላ በእንጨት እንጂ በእጅ እንዳይነካ ነገራቸው። ከኃላፊዎቹ አንዱ «ቶሎ በሉ» የሚል ምልክት በእጁ አሳየኝ።

እኔ፣ «ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ እንሰቱን በዚህ በኩል ነው የምታስገቡት» ብዬ ጨረስኩ።

ለምን እንዳሳጠርኩት ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ጥድፊያው አለ፤ ጩኸቱም አለ። እውነቱ ግን በሠራሁት ማሽን አፈርኩ። በገዛ ቋንቋዬ፣ በማውቃቸው ሴቶች ፊት፣ «ይሄ ነገር እጅ ይቆርጣል» ማለት አቃተኝ።

የመጀመሪያውን የእንሰት ቁራጭ እኔ አስገባሁ። ከበሮው ጥሩ አድርጎ ፋቀው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንዷ እየሳቀች የፋቀውን በጣቷ አንስታ አየች። ባለካሜራው ተጠቃሚዋ ራሷ ስታስገባ ላንሳ አለ። እትዬ ቀረቡ። አንድ አስገቡ፤ ሁለተኛውን ሲያስገቡ ቃጫው ተጠመጠመ። በቀርከሃ ሲፍቁ ቃጫ ሲይዛቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደሚያደርጉት እጃቸውን ሰደው ሳብ አደረጉት።

ጩኸታቸው አጭር ነበር። መምህሩ ሞተሩን አጠፋ። እትዬ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሦስት ጣቶች የሉም። አዲሱን ሻሽ ከራሳቸው ፈትቼ እጃቸውን ጠቀለልኩ። በቃሬዛ እስከ መኪናው ወሰዷቸው። እስከ ቦንጋ ሆስፒታል ድረስ ጭንቅላታቸው ጭኔ ላይ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ ፊቴን አላዩም።

በሦስተኛው ቀን መምህሩ ቢሮ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ሪፖርት አለ። «አደጋው የደረሰው ተጠቃሚዋ የተሰጣትን ማስጠንቀቂያ ባለማክበሯ ነው» ይላል። ብዕሩን ሰጠኝ።

«ነግሬያቸዋለሁ አይደል? ሰምተሻል። አንቺም ተርጉመሻል።»

«አዎ፣ ቲቸር» አልኩ።

«ነገ ግምገማ አለ። ኮንትራቴ በዚህ ወር ነው የሚታየው» አለ፤ ድምፁ ወረደ። ክፉ ሰው አልነበረም። እሱ እውነቱን የጻፈ ነው የመሰለው። እንዳልተረጎምኩት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሆኖም አስተርጓሚ በሚለው ቦታ ላይ ፈረምኩ።

ጋሼ ወሬውን ሰምተው በዚያው ሳምንት መጡ። ማሽኑን ዙሪያውን ዞረው አዩት፤ ባዶዎቹን የቡሎን ቀዳዳዎች በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«ማነው የፈታው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ቃጫው እየወተፈ አስቸገረን።»

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ጥርሱን ማሳጠር ይበቃው ነበር» አሉ። «የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» ከዚያ ቢሮ ገብተው ስማቸው ከፎርሙ ላይ እንዲወጣ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ብየዳ ቤታቸው ስሄድ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ መዶሻ ግን አስይዘውኝ አያውቁም።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ማሽኑ አረንጓዴ ተቀብቶ፣ ሽፋኑ ተገጥሞለት ቀረበ። ሞተሩ አልተነሳም። ነጭ ጋውን ለብሼ አጠገቡ ቆሜ ለጎብኚዎች ሳስረዳ ዋልኩ፤ ማታ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ።

እትዬ ዘንድ የሄድኩት ከስንት ሳምንት በኋላ ነው። ስኳርና ሳሙና ይዣለሁ። ደጅ ላይ ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው እንሰት ትፍቃለች፤ ቀኑ የትምህርት ቀን ነው። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው፣ እጃቸውን ጉያቸው ውስጥ ከተው ተቀምጠዋል።

«መምህሩ ያለውን ሁሉ አልነገርኳችሁም» አልኳቸው። «በእጅ አትንኩ ብሎ ነበር። ሳልተረጉመው ቀረሁ። ወረቀት ላይ ደግሞ ተርጉሜያለሁ ብዬ ፈረምኩ።»

ልጅቷ መፋቋን አቆመች።

«ሰውየው ብዙ ሲያወራ፣ አንቺ ቶሎ ስትጨርሺ አይቻለሁ» አሉ እትዬ። «ምን ቀረ ብዬ ልጠይቅሽ ነበር። እንግዳ ፊት እንዳላሳፍርሽ ብዬ ተውኩት።»

የያዝኩትን ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«ባሌን ጥፋቱ የሚስትህ ነው ብለውታል። መንደሩም እንደዚያው ነው የሚለው። እንግዲህ ለእኔ ከነገርሽኝ ሂጂና ወረቀቱን ለጻፉት ንገሪ።»

«እሺ» ብዬ ተነሳሁ። ስኳሩንና ሳሙናውን አልተቀበሉኝም፤ ልጅቷ እስከ አጥሩ ተከትላኝ መልሳ ሰጠችኝ።

ከተማ ስመለስ መምህሩ ኮንትራቱ አልታደሰለትም፤ ወደ አገሩ ሄዷል። በቦታው የተቀመጠው ሰው ፋይሉ ተዘግቷል አለኝ። በግማሽ ገጽ ያህል የሆነውን ጻፍኩ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ማኅተም መትታ ተቀበለችኝ። መልስ ለማግኘት ስንት ቀን ተመላለስኩ። በመጨረሻ የምረቃ ሰሞን ሆነና፣ «እንዲህ ያለ ነገር እየጻፍሽ ዲፕሎማሽን ልታዘገዪ ነው?» ሲሉኝ መመላለሱን ተውኩ።

የእትዬ ልጅ በዚያው ዓመት ትምህርቷን ማቋረጧን የነገረችኝ አከራዬ ናት። እኔም ቦንጋን ለቅቄ ሥራ ያዝኩ። ከመልቀቄ በፊት እትዬ ዘንድ ሄጄ፣ «ነግሬያቸው ነበር፤ የሰማኝ የለም» ማለት ይገባኝ ነበር። መንገዱ ከቦንጋ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። አልሄድኩም።