በአማቱ መቃን ላይ የበቀለው የጅብ ጥላ

በግራ እጁ የእንጉዳዮቹን ችምችም ሰብስቦ ይይዛል፤ በቀኙ መሮውን ከሥራቸው አስገብቶ ይቆርጣል። የተረፈውን ይፍቃል። የእንጨቱን ጉድጓድ ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ ይጠቀጥቀዋል። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ቀለም ያስነካዋል። ቁርጥራጩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ኪሱ ይከታል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው የሚስቱ እናት ገበያ ደርሰው እስኪመለሱ ነው።

አናጺውን ሰፈሩ «ሚሊ» ይለዋል፤ «አንድ ሚሊ አልስትም» ማለት ስለሚወድ። የአማቱን በርና ጣሪያ የሠራው በሠርጉ ሰሞን ነበር። ሙያውን ለማሳየት ቸኩሎ ያልደረቀ እንጨት ተከለ፤ ዙሪያውን በዘይት ቀለም ለበጠው። እርጥበቱ መውጫ አጣ። እንጨቱ ከውስጥ በሰበሰና መቃኑ ግርጌ የጅብ ጥላ አበቀለ፤ ቆቡ ቡናማ፣ ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረ ስስ ቅጠል። በሌላ አናጺ ሥራ ላይ ቢያየው ኖሮ ሲስቅ ይውል ነበር።

የሚያስጨንቀው ግን መቃኑ አልነበረም። ከዚያው ግንድ የወጣ ወጋግራ ከአማቱ አልጋ በላይ ተጋድሟል። እሱን ለመቀየር ጥፋቱን መናገር ሊኖርበት ነው። መሮ መሳል ቀለለው።

አንድ ቀን አማቱ ቦርሳቸውን ረስተው ከመንገድ ተመለሱ። እሱ ተንበርክኳል፤ እንጉዳዩ በእጁ ነው።

«ሚሊው» አሉት፣ «ጥላውንስ በየሳምንቱ ታነሳለህ። ጅቡስ?»

መልስ ሳይጠብቁ ወደ መኝታ ቤት መሩት። አልጋው የለም። ፍራሹ ሳሎን፣ ከሶፋው ጀርባ ተጠቅልሎ ቆሟል። ለልጃቸው «ወገቤ ወለል ይወዳል» ብለዋት ኖሯል። ወጋግራው ሲጎብጥ አይተው አልጋቸውን አወጡ፤ የአማቻቸውን ገመና ግን አላወጡም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ለምን ዝም እንዳሉት ጠየቃቸው።

«አንተ እስክትነግረኝ ነዋ፣ ልጄ።»

በማግስቱ ጣሪያውን በድጋፍ አቁሞ ወጋግራውን አወረደ። መሮው ሳሙና የሚወጋ ይመስል ገባለት። ጎረቤት ተሰብስቦ የማን ሥራ እንደሆነ ጠየቀ። አንገቱን ደፍቶ የራሱ መሆኑን ተናገረ። «ታዲያ በስንት ሚሊ ሳትከው?» አለ አንዱ። የሳቁት ሁሉ ደንበኞቹ ናቸው።

አሁን ሥራ ባስረከበ ቁጥር የሚለምናት ልመና አለችው፤ ለእናንተም እንዳደርስለት አደራ ብሎኛል፦ «እኔ የሠራሁት በር ቤታችሁ ካለ፣ ከግርጌው ቀለሙን ፋቅ አድርጉና እንጨቱን በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ከሰረጎደ፣ እባካችሁ፣ አልጋ ከማሸሻችሁ በፊት ጥሩኝ።»