ጠበቃው ባለመኪና የሆነ ዕለት

እስቲ ያን ሰውዬ እዩት። አንድ ትልቅ የትራንስፖርት ድርጅት ያገለገሉ ከባድ መኪኖቹን ለሽያጭ በደረደረበት ግቢ ውስጥ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሆዱን አስቀድሞ የሚንጎራደደውን። እስካለፈው ወር የዚሁ ድርጅት ሹፌር ነበር። ዛሬ ገዢ ነው። ገዢ መሆን አረማመድ እንደሚቀይር ማንም አልነገረውም፤ እግሮቹ ግን በራሳቸው ጊዜ ደርሰውበታል።

ሹፌሮቹ ጠበቃ ይሉታል። ሕግ ተምሮ አይደለም፤ አፍ ስላለው ነው። አንድ ባልደረባቸው ቶሎ ድረስ ተብሎ ሲበር መንገድ ስቶ የሞተ ጊዜ፣ ስብሰባ ላይ ተነስቶ "በየመኪናው የፍጥነት መገደቢያ ይገጠም!" እያለ ጠረጴዛ የደበደበ እሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ "ጊዜ ከጠፋ ደንበኛ ይጠፋል" ቢለው፣ "ሰው ከጠፋስ?" ብሎ አፉን አስያዘው። መገደቢያው ተገጠመ። ጠበቃም ይህን ታሪክ ማንም ሳይጠይቀው ሲያወራ ኖረ። ሚስቱ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ጠረጴዛው የሚደበደብበት ቦታ ላይ ሲደርስ ብርጭቆዎቹን ታነሳለች።

ለገዢነቱ ብሎ ኮት ለብሷል። ሹፌርነቱ ግን አላስችል አለውና ከነኮቱ የመረጣት መኪና ስር ገባ። የመኪናዋ አጽም፣ ሻንሲው፣ ተሰብሮ የተበየደ እንደሆነ በጣቱ ዳሰሰ፣ ጎማዎቹን በጉልበቱ ገፋ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲነሳ አደረገ፣ ጭሱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ሲወጣ ጀርባው ሁሉ ግራሶ ሆኗል።

"ኮቱን ለበስከው ወይስ ወለል ወለወልክበት?" አለች አብራው የመጣችው ሚስቱ። ግማሹን ዋጋ የከፈለችው እሷ ስለሆነች ዛሬ የፈለገችውን ብትናገር መብቷ ነው።

ፈረሙ። ቁልፉን ተቀበለ። ጋቢና ወጥቶ መሪውን ሲጨብጥ ደረቱ እንደ ጎማ ተነፋ። ሚስቱም ከጎኑ ተቀመጠች። ለዓመታት መኪናዎቹን ሲጠግን የኖረው የድርጅቱ መካኒክ ሊሰናበታቸው በሩ ሥር መጣ።

"ወንድሜ፣ ከመውጣቴ በፊት አንዲት ነገር ንቀልልኝ" አለው ጠበቃ።

"ምኗን?"

"ያቺን የፍጥነት መገደቢያ።"

መካኒኩ መፍቻውን በጨርቅ መጥረጉን አቆመ። "ያስገጠምካት አንተ ነህ እኮ።"

"ያ ያኔ ነው። አሁን የራሴ መኪና ናት። ቀድሞ የማይደርስ ጭነት አያገኝም። ጊዜ ከጠፋ ደንበኛ ይጠፋል።"

"ይቺን ንግግር የት ነበር የሰማኋት?" አለ መካኒኩ ወደ ሰማይ እያየ።

"የሥራ አስኪያጁ ናት" አለች ሚስቱ። "አንተ ሰውዬ፣ ባለመኪና ከሆንክ ገና ግማሽ ሰዓትህ ነው። እሱ እንኳ እንዲህ ለመሆን ስንት ዓመት ፈጅቶበታል።"

"እኔ እኮ ጠንቃቃ ነኝ።"

"ሟቹም ጠንቃቃ ነበር" አለ መካኒኩ ቀስ ብሎ።

ጠበቃ እንደ ልማዱ የሚደበድበው ነገር ፈለገ። ከመሪው በቀር ምንም የለም። እጁን አንስቶ ተወው፤ ለካ ዛሬ ጠረጴዛ የሚደበደብበት ሰውዬ ራሱ ኖሯል። ያን ሁሉ ዘመን ሥራ አስኪያጁ እንዲያ የሚናገረው ልቡ ድንጋይ ስለሆነ ይመስለው ነበር። አይደለም። ቁልፍ ኪሱ ስለገባ ነው። እሱ ደግሞ ቁልፉን ገና ኪሱ እንኳ አልከተተም፤ እጁ ላይ ነው።

ሳቁ መጣ፤ የሚያሳፍር ዓይነት ሳቅ።

"ተዋት፣ ትቀመጥ" አለ።

"ነገ ሐሳብህን ቀይረህ ብትመጣስ?"

"ከመጣሁ በሩን ዝጋብኝ።"

ጻድቅ ሆነ ብዬ አላታልላችሁም። ሜዳማ መንገድ ላይ ሲወጣ እግሩ አሁንም ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ እንቢ የምትለው መገደቢያዋ ናት። ሌሎች ሲቀድሙት፣ "አይ ጠረጴዛ ደብዳቢው፣ እሰይ፣ የእጅህን አገኘህ" እያለ ራሱን ይሰድባል። አንዳንድ ጭነትም አምልጦታል። ይህን ስላችሁ ግን ጥፋተኛው እሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዕቃው እንዲበርላቸው የሚፈልጉት እነማን ናቸው? እኔና እናንተ ነን፤ ሰው ሲሞት ደግሞ "አይ የሹፌር ነገር!" እንላለን።

ስለዚህ ዕቃ የምታስጭኑ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ሹፌሩ መንገድ ላይ ሳለ "የት ደረስክ?" እያላችሁ አትደውሉለት። ሲደርስ ይደርሳል፤ ጠብቁት።